ወንበር የተቀያየርንበት ሳምንት

ይድረስ በእጇ ላሳደገችኝ፣ ከመርፌዋ አጠገብ ላስቀመጠችኝ ታላቅ እህቴ።

እታለም፣ እንደምን ሰነበትሽልኝ? ጉልበትሽስ እንዴት ነው፣ ደረጃውን ለመደው ወይስ አሁንም በየሦስተኛው ያስቆምሻል? ዓይንሽ ዛሬም ያለ መነጽር ክር በመርፌ ያስገባል? ጆሮሽን አልጠይቅም፤ እሱ ካኮረፈ ቆይቷል። በስልክ ድምፅሽ ቆርቆሮ ላይ እንደሚዘንብ ዝናብ ነው የሚሰማኝ ካልሽኝ ወዲህ እኔም ደብዳቤ መጻፉን ወድጄዋለሁ። በስልክ ቶሎ ቶሎ የሚባለው ነገር እዚህ ተራውን ይጠብቃል። የቤትሽ ሰው ሳሉ ለቀቃቸው? ልጅሽስ አዲሱ ሥራ ተስማማት? እኔ ደህና ነኝ። ትከሻዬ ብቻ ከመቀመጥ ብዛት ይይዘኛል፤ ያንቺን ትከሻ ያየሁ ሰው ስለሆንኩ ግን ለማማረር አፍ የለኝም።

ኮቱ ደርሶኛል። ያመጣችው ሴት እንዳይጨማደድ ብላ መንገዱን ሁሉ በክንዷ አንጠልጥላ ነው የመጣችው። ልኬን ከወሰድሽ ሃያ ዓመት አልፏል፤ ትከሻው ግን ልክክ አለ። እጅጌውን እንኳ ግራው ከቀኙ በጥቂት እንደሚያጥር አልረሳሽም። ገበሩን ገልብጬ ስፌቱን ሳይ ቆየሁ። የውስጥ ኪሱ ውስጥ የከተትሻትን ወረቀት ግን ያገኘሁት ትናንት ማታ ነው፤ «ለአለቃ ወንበር» ብለሽ የጻፍሻትን። አንብቤ አልጋዬ ላይ ቁጭ አልኩ።

ምክንያቱም እታለም፣ አለቃ አልሆንኩም። የከለከለኝም ሰው የለም፤ ራሴ ነኝ። ለጎረቤት ሁሉ እንደተናገርሽ፣ ለማዕዘኗ ባለሱቅማ ሁለት ጊዜ እንደደገምሽላት ልጅሽ ጽፋልኛለች። ስለዚህ ወሬውን ከሌላ ሳትሰሚ ከእኔ ከነምክንያቱ እንድትሰሚው ብዬ ነው ዛሬ የተቀመጥኩት። ይረዝማል፤ መቀሱን አስቀምጪና አንብቢልኝ።

ከሥሩ ልጀምርልሽ። የምሠራበት ቤት ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ከእኛ በታች ባለው ፎቅ የጥርስ ሐኪም አለ፤ መሰርሰሪያው ሲጮህ የሁላችንም መንጋጋ አብሮ ይጨነቃል፣ ክርክር ካለም ይቋረጣል። አሥራ ሁለት ነን። ለመድኃኒት ቤቶች የኮምፒውተር ፕሮግራም እንሠራለን። ፋርማሲስቷ ጠዋት ኮምፒውተሩን ስትከፍት የትኛው መድኃኒት ጊዜው ሊያልፍ እንደተቃረበ፣ የትኛው እንዳለቀ፣ ዛሬ ምን መታዘዝ እንዳለበት ይነግራታል። ያንን ፕሮግራም ከአሥራ አራት ዓመት በፊት የጀመርኩት እኔ ነኝ። ያኔ ኩባንያ የሚባል ነገር አልነበረም። እኔ የመድኃኒት መጋዘን መዝገብ ጸሐፊ ነበርኩ፤ ጋሼ የምንላቸው የአሁኑ የቤቱ ባለቤት ደግሞ የተበላሸ ኮምፒውተር ሊጠግኑ የመጡ ሰው። ለራሴ ብዬ የጻፍኳትን ትንሽ ፕሮግራም አዩና ይህን ማን ሠራልሽ አሉኝ። እኔ ነኝ ስላቸው ወንበር ስበው ተቀመጡ። ኩባንያው በዚያች ወንበር ላይ ተወለደ እያሉ እስከ ዛሬ ለእንግዳ ያወራሉ።

ልጆቹ በምሳ ሰዓት ስለ ምን እንደሚጣሉ ብታዪ ትስቂያለሽ። ስለ ቋንቋ ነው፤ ሰው ስለሚናገረው ሳይሆን ለኮምፒውተር ትእዛዝ ስለሚጻፍበት። አንቺ ያንኑ ቀሚስ በእጅም፣ በእግር መኪናም፣ በኤሌክትሪክ መኪናም እንደምትሰፊው ማለት ነው። ቀሚሱ ያው ቀሚስ ነው፤ ሰፊዎቹ ግን በየመኪናቸው ይምላሉ። የእኔ ፕሮግራም የተጻፈው ፓስካል በሚባል አሮጌ ቋንቋ ነው። ልጆቹ የሚወዱት ፓይተንን ነው፤ የትልቅ እባብ ስም ነው፣ አይናከስም። አንዱ ተነሥቶ ፓስካል የሚጽፍ ሰው አሁን ሙዚየም ውስጥ እንጂ ቢሮ ውስጥ አይገኝም ሲል፣ ሌላው ያንተን ደመወዝ የሚያወጣው ያ ሙዚየም ነው ይለዋል። እኔን ሲያዩ ደግሞ ሁለቱም ያፍራሉ። እትዬ ነው የሚሉኝ።

ከሁሉ ጠንካራው ተከራካሪ መብረቅ የምንለው ነው። ልጅ የምለው እኔ ነኝ እንጂ ሠላሳ ሁለት ዓመቱ ነው፣ የአንዲት ሴት ልጅ አባት ነው። ሻይ እስኪበርድለት ጠብቆ ስለማያውቅ ምላሱ ሁልጊዜ የተቃጠለ ነው። ሌላዋ ለምኔ ናት። እሱም ስሟ አይደለም፤ ወሬዋን ሁሉ «ለምን» ብላ ስለምትጀምር ያወጣንላት ነው። ከመጣች ሦስት ዓመቷ ነው። የማታየው ስንጥቅ የለም።

ጋሼን ልባቸውን ስለሚያማቸው ሐኪም ሥራ ይበቃዎታል ብሏቸዋል። ባለፈው የጻፍኩልሽ ይህን ነው። ለብቻዬ ጠርተው ቤቱን ወይ ላንቺ ወይ ለመብረቅ እተዋለሁ፣ ልቤ ግን ወዳንቺ ያደላል አሉኝ። ይህ ወሬ ሲወጣ የምሳው ጭቅጭቅ ከቋንቋ ወደ አለቃ ዞረ። የሽያጩ ሰው የቴክኖሎጂ ቤት አለቃ ፕሮግራም የማይጽፍ ሰው መሆን አለበት አለ፤ የሚጽፍ አለቃ ደንበኛ እያናገረው እንኳ ልቡ የረሳት ነጠላ ሰረዝ ጋ ነው። መብረቅ ደግሞ፣ የማይጽፍ አለቃማ በሁለት ዓመት የማያልቀውን ነገር በሁለት ሳምንት ይደርሳል ብሎ ቃል የሚገባ ነው፣ እንዳንተ፣ አለው። ለምኔ ለምን አለቃ ያስፈልገናል ብላ ጠየቀች። የሚወቀስ ሰው እንዲኖር ነው አላት የሽያጩ ሰው። ከዚያ ሁሉም ወደ እኔ ዞረው እትዬስ ምን ትላለች አሉ። ዝም አልኩ። እኔ ዝም ስል ደግሞ ሰው ጥበብ ነው ብሎ ይተረጉምልኛል። «ዝም አይነቅዝም» ብሎ መብረቅ ራሱ ተረተልኝ፣ ከልቡ አክብሮ።

አለቃው ማን ይሁን የሚለውና ፕሮግራሙ በየትኛው ቋንቋ ይኑር የሚለው አንድ ጥያቄ ሆነው ቁጭ አሉ። መብረቅ ከሆነ አሮጌው ተነሥቶ በአዲሱ ቋንቋ እንደገና ይጻፋል። እኔ ከሆንኩ አሮጌው እንዳለ ይቀመጣል። እኔ ሁልጊዜ የምለው አንድ ነገር ነበር፤ የሚሠራን ነገር አትንኩ፣ መድኃኒት ነው፣ ሰው ይጎዳል። ይህ ሐሰት አይደለም። ግን ምክንያቴ እሱ አልነበረም።

ምክንያቴን ላንቺም ነግሬሽ አላውቅም። ያንን መጽሐፍ ታስታውሺዋለሽ? ልክ የምታወጪበትን ወረቀት በኪሎ ስትገዢ ከአሮጌ ጋዜጣ መሀል የወጣውን፣ ሽፋን የሌለውን። ወረቀቱ ደንዳና ስለነበር ደስ ብሎሽ የሕፃናት ኮሌታና የኪስ ልክ ስታወጪበት ከረምሽ። እኔ ቁልፍ እየተከልኩ ሳለ አንድ ቀን የተረፈውን አገላበጥኩት። ኮምፒውተር በዓይኔ አላየሁም ነበር። ግን አንድ ነገር በተራው ስትነግሪው በተራው የሚያደርግ፣ የማይቆጣ፣ ያላልሽውን የማይጨምር ነገር በዓለም ላይ አለ ማለቱ ገባኝ። ከመቀስሽ ያመለጠውን ገጽ ሁሉ ሰብስቤ በክር ጠረዝኩት። አራት ዓመት ሙሉ በጨርቅ መጠቅለያ ወረቀት ጀርባ ላይ ፕሮግራም ጻፍኩ፤ ኮምፒውተሩም እኔው ነበርኩ፣ በጣቴ መስመሩን እየተከተልኩ ምን ይመጣል እያልኩ አሰላው ነበር። ይቺ ልጅ ለማን ነው የምትጽፈው ትይ ነበር እንጂ አንድ ቀን ተይው አላልሽኝም።

ታዲያ በዚያ መጽሐፍ ከገጽ ሰባ ሦስት እስከ ገጽ ዘጠና ስድስት አልነበረም። ኮሌታ ሆኗል። ከብዙ ዓመት በኋላ እንዳወቅሁት፣ እዚያ የነበረው ስለ ድግግሞሽ ነው። ኮምፒውተሩን ይህን ሥራ ከአንድ እስከ ሠላሳ አንድ ደጋግመህ ሥራ ብሎ በአንድ ጊዜ ማዘዝ ይቻላል። የትም ያለ ጀማሪ በመጀመሪያው ወር የሚማረው ነው። እኔ አላወቅሁም። እዚህ የምንሠራው በፈረንጅ አቆጣጠር ስለሆነ ወር እስከ ሠላሳ አንድ ይደርሳል፤ ፕሮግራሙ በእያንዳንዱ ቀን እንዲሠራ ስፈልግ ለአንደኛው ቀን ጻፍኩ፣ ለሁለተኛው ቀን ያንኑ ትንሽ ብቻ ለውጬ እንደገና ጻፍኩ፣ እንዲህ እያልኩ ሠላሳ አንድ ጊዜ ጻፍኩት። ለእያንዳንዱ ቀን አርባ መስመር፣ በጠቅላላው ሺህ ሁለት መቶ አርባ። ሠላሳ አንድ ቀሚስ ለመስፋት ሠላሳ አንድ መኪና እንደ መግዛት ቁጠሪው። እባክሽ እንዳታዝኚ። መቀስሽ ምንም አላጠፋም፤ ስንት ሕፃን በዚያ ምዕራፍ አንገቱ አምሮለት አድጓል። ያለ መቀስሽማ መጽሐፉም ከነጭራሹ እጄ አይገባም ነበር።

ድግግሞሽን ያወቅሁት በሦስተኛው ዓመት ነው። ለልምምድ የመጣች ተማሪ አጠገቤ ተቀምጣ ሁለት መስመር ጻፈችና ኮምፒውተሩ መቶ ጊዜ ሠራ። ምን እንዳደረገች ሲገባኝ ተነሥቼ መታጠቢያ ቤት ገባሁ፣ ቧንቧውን ከፍቼ ሳቅሁ፣ ከዚያ ሳቁ ሌላ ነገር ሆነብኝ። ያኔ ማስተካከል ይቻል ነበር። ግን ፕሮግራሙ አርባ መድኃኒት ቤት ገብቷል፣ ሰው ሁሉ ራሷን ያስተማረች እያለ ያነሣኛል፣ እኔም ነገ እላለሁ። ነገ በነገ ላይ ተደራርቦ አሥራ አንድ ዓመት ሆነ። ያንን ፋይል ልክፈት የሚል ሲመጣ፣ እሱ ስስ ነው፣ እኔ ራሴ እነካዋለሁ እለዋለሁ። ልጆቹም ፈርተው ራቁት።

ይህ ብቻ ቢሆን ሳቅ ብለሽ ታልፊው ነበር። የባሰው ሌላ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት ፕሮግራሙ ላይ አንድ ማስተካከያ መጨመር ነበረብኝ። ማስተካከያው ሠላሳ አንዱም ቦታ መግባት ነበረበት፤ እኔ ሃያ ሦስተኛውን ዘለልኩ። ሁለት ወር በተከታታይ፣ ወሩ በገባ በሃያ ሦስተኛው ቀን መድኃኒት ቤቶቹ ማስጠንቀቂያ ሳያገኙ ዋሉ። አንዲት ነቃ ያለች ፋርማሲስት ደውላ ነገረችን። መደርደሪያቸውን በዓይናቸውም የሚያዩ ሰዎች ስለሆኑ የተጎዳ የለም፣ ተመስገን። ግን ያኔ ለምኔ ከመጣች ሦስተኛ ወሯ ነበር፣ ከዚያ ፋይል አጠገብ ያለውን በቅርቡ የነካች እሷ ብቻ ነበረች። ሁሉም እሷን ጠረጠረ። ማንም አልተቆጣትም፤ ጀማሪ ነሽ፣ ያጋጥማል አሏት፤ ይህ ከቁጣ ይብሳል። ሁለት ሳምንት ሙሉ የራሷን ሥራ መስመር በመስመር እያገላበጠች የሌለባትን ስህተት ፈለገች። ዓይኗ ቀልቶ ትመጣ ነበር። እኔ በመጀመሪያው ቀን ጠዋት ሃያ ሦስተኛውን አስተካክዬ ዝም ብያለሁ። ሻይ ወሰድኩላት። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ይሉት ነገር ይኸው ነው፤ ያውም አፌን ሳልከፍት።

አሁን ወደ ወንበሩ ልምጣልሽ። ጋሼ አንድ ደንብ አላቸው። ከብዙ ዓመት በፊት ሁለት ሠራተኞች በመስመር መጀመሪያ ላይ ያለውን ባዶ ቦታ በየትኛው ቁልፍ እናስገባ በሚል ተጣልተው በአንድ ሊፍት አንወጣም እስከ ማለት ደርሰው ነበር። ከዚያ ወዲህ ትልቅ ነገር ከመወሰኑ በፊት ሁለቱ ተከራካሪዎች ለአንድ ሳምንት ወንበር ይቀያየራሉ። የምሬን ነው፣ ወንበሩን ራሱን። አንቺ በባለጋራሽ ጠረጴዛ ትቀመጫለሽ፣ ሥራውን ሁሉ ታነቢያለሽ፣ የሚዘጋብሽ ፋይል የለም። አርብ ሲደርስ በሁሉም ፊት ቆመሽ ለእሱ ሐሳብ ጠበቃ ትሆኛለሽ፣ እሱም ላንቺ። በመጨረሻ ባለጋራሽ እኔ ያላሰብኩትን ጨመረችልኝ ካላለ ሥራሽን አልሠራሽም።

ሰኞ ተቀያየርን። የመብረቅ ወንበር ከፍ ያለ ነው፣ እግሬ መሬት አይደርስም። የልጁ ሥዕል ጠረጴዛው ላይ ተለጥፏል፣ የፊደል ቁልፎቹ ግማሾቹ ከመቸኮሉ የተነሣ ተፍቀው ባዶ ሆነዋል። እሱ ፊት ለፊቴ፣ እኔ ትራስ የማደርግበት ወንበር ላይ ተቀምጦ ፓስካል ማንበብ ጀመረ። ማክሰኞ አንዳንዴ ፈገግ እያለ አነበበ። ረቡዕ ወደ አራት ሰዓት ገደማ ጀርባውን ቀና አደረገ። ጣቱን ስክሪኑ ላይ አሳርፎ መቁጠር ጀመረ። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየዋለሁ፤ አሥራ ሁለት፣ አሥራ ሦስት። እኔ የእሱን ማስታወሻ የማነብ መስዬ አንድ ገጽ ላይ ቀረሁ። መጨረሻ ሲደርስ ቀና ብሎ አየኝ። አቀረቀርኩ። በዚያ ቀን ሻዩ ሳይነካ በረደ።

ሐሙስ አላናገረኝም። በሁሉም ፊት ሊያነበው ነው አልኩ በልቤ። ቢያነበው መብቱ ነው፤ ለአለቃነት የምፎካከረው እኔ ነኝ፣ ምላጩን ያቀበልኩትም እኔ ነኝ። አርብ ጠዋት ኮትሽን ለበስኩ። ከተዋረድኩም ደህና ልብስ ለብሼ ልዋረድ ብዬ ነው፤ አትሳቂ።

ከምሳ በፊት ትልቁ ክፍል ተሰበሰብን። ጋሼ መስኮቱ አጠገብ ተቀመጡ። መብረቅ ቀድሞ ተነሣ። እታለም፣ እንዲያ ቀስ ብሎ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም። ይህ ፕሮግራም ቀኖቹን በመልካቸው ያውቃቸዋል አለ። በወሩ መጀመሪያ መድኃኒት ቤቶቹ ቆጠራ ላይ ስለሚሆኑ ማስጠንቀቂያው ከሰዓት በኋላ ይመጣል። በአሥራ አምስተኛው የመጋዘኑ መኪና ስለሚዘገይ ትእዛዙ በዋዜማው ይወጣል። እኛ ቀንን ቁጥር አድርገን እናልፈዋለን፤ እትዬ ግን እያንዳንዱን ቀን እንደ እንግዳ ለብቻው ተቀብላዋለች። በአዲሱ ቋንቋ እንጻፈው ስል ይህን ሁሉ ልጥለው እንደነበር አላወቅሁም አለ። ሠላሳ አንድ ጊዜ መጻፉን አላነሣም። አንድ ቃል እንኳ። የተጣመመውን ስፌቴን በገበር ሸፍኖ ከላይ ያለውን ጨርቅ ብቻ አሳያቸው። ሁሉም አጨበጨቡ። ጋሼ ያላሰብሽውን ጨመረልሽ ወይ ብለው ጠየቁኝ፤ ጨምሮልኛል አልኩ። እውነት ነው፤ ያንን ፋይል ውርደቴ ብቻ አድርጌው ስለነበር ሌላ ነገር እንዳለበት ረስቼ ነበር።

ተራዬ ደረሰ። ስለ አዲሱ ቋንቋ የጻፍኩት ወረቀት ኪሴ ውስጥ ነበር፤ አላወጣሁትም። ለምኔ ወንበር አጥታ በሩ አጠገብ ግድግዳ ተደግፋ ቆማ ነበር። እሷን እያየሁ ተናገርኩ። መብረቅ ያላነበበላችሁን እኔ ላንብብላችሁ ብዬ ጀመርኩና ስለ መጽሐፉ፣ ስለ ጎደሉት ገጾች፣ ስለ ሺህ ሁለት መቶ አርባው መስመር፣ ስስ ነው እያልኩ ስላባረርኳቸው ሁሉ ነገርኳቸው። አንድ ሁለቱ ፈገግ አሉ፤ ደግ ፈገግታ ነበር። እዚያ ላይ ማቆም ይቻል ነበር። ቀጠልኩ።

«ሃያ ሦስተኛውን ቀን የዘለልኩት እኔ ነኝ። ለምኔ አልነበረችም። በዚያኑ ጠዋት አውቄ ዝም አልኩ።»

ከታች መሰርሰሪያው ጮኸ። ሲቆም የቀረኝን ተናገርኩ። አዲሱ ቋንቋ ይሻላል የምለው ቋንቋው ስለሚበልጥ አይደለም፣ ሁላችሁም ስለምታነቡት ነው፤ አንድ ሰው ብቻ የሚያነበው ነገር ውስጥ ስህተትም ሐሰትም ተመችቷቸው ይተኛሉ አልኩ። ጋሼ መብረቅን ጨመረችልህ ወይ አሉት። ወለሉን እያየ ጨምራልኛለች አለ። ለምኔ አንድም ነገር ሳትጠይቅ በሩን ቀስ ብላ ዘግታ ወጣች።

ከሰዓት በኋላ ጋሼ ጠሩኝ። ስለ ሠላሳ አንዱ ቀድመሽ ብትነግሪኝ እስቅ ነበር አሉኝ። አሁንስ ብዬ ጠየቅኋቸው። አሁንም ያስቀኛል ብለው እስኪያስላቸው ሳቁ። ከዚያ ዓይናቸውን ጠርገው፣ በለምኔ ነገር ግን አልስቅም አሉ። ወንበሩ አሁንም ያንቺ ነው፣ ያላጠፋ ሰው ብቻ አለቃ ይሁን ከተባለ ወንበሩ ባዶውን ይቀራል አሉኝ።

እታለም፣ ፈልጌው ነበር። ለወንበሩ እንዳይመስልሽ። አንቺ በዚያች ሱቅ ደጃፍ ቆመሽ «እህቴ አለቃ ናት» ስትዪ እየታየኝ ነው። ግን እንዲህ አልኳቸው፤

«ጋሼ፣ እኔ አሥራ አንድ ዓመት ፍርሃቴን ጥንቃቄ ነው እያልኩ ሳቀርብልዎት ኖሬያለሁ። አለቃ ከሆንኩ የምፈራው ይበዛል፣ የምደብቅበትም በር ይበዛል። ያ ልጅ ባለጋራውን መጣል ሲችል ሸፈነ። ለእሱ ይስጡት።»

ብዙ አዩኝና እሺ አሉ። ለመብረቅም ሁለተኛ እንዳይሸፍንልኝ ነገርኩት። እጁን ጭንቅላቱ ላይ አድርጎ፣ እኔ እኮ ምን እንደምል ጠፍቶኝ ነው፣ ሠላሳ አንድ ጊዜ ስቆጥር አለቀስኩ እንጂ አልሳቅኩም አለኝ። አሁን አለቃችን እሱ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ሦስት ስብሰባ ጠርቶ ሦስቱንም ከጊዜው በፊት ጀመራቸው።

ለምኔ ሰኞ አላናገረችኝም፤ ማክሰኞም። ሰላም ስላት ራሷን ነቅንቃ ታልፋለች። ረቡዕ ጠዋት ወንበሯን እየጎተተች መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች።

«ለምን?» አለችኝ።

ፈራሁ አልኳት። ምኑን አለችኝ። ስነግራት ከዚያስ አለችኝ፤ እንዲህ እያለች ከመጋዘኑ አልፋ ልብስ መስፊያ ቤታችን ድረስ ጠየቀችኝ። አንቺንም፣ ኮሌታውንም፣ የጨርቅ መጠቅለያውንም ነገርኳት። ያን ሁለት ሳምንት ሥራ ልትለቂ አስበሽ ነበር ወይ ብዬ እኔም ጠየቅኋት። ደብዳቤውን ጽፌው ነበር አለችኝ። ይቅርታ አልኳት። ገና አልበረደልኝም አለች። ይብረድልሽ ብዬ አልጠይቅሽም አልኳት። ከዚያ የፊደል ሰሌዳውን ወደ ራሷ ሳበችና ታዲያ እንጀምር እንጂ አለች።

በአዲሱ ቋንቋ አራት መስመር ጻፈች። ያ ሁሉ ድግግሞሽ አራት መስመር ሆነ። ሁለታችንም አየነው። ያምራል አይደል አለችኝ። በጣም ያምራል አልኳት፤ አልዋሸሁም፣ ውስጤም አላመመኝም። ከዚያ በኋላ ግን ዋናው ሥራ መጣ። መብረቅ የነገራቸውን የየቀኑን ጠባይ ከአሮጌው አውጥተን ወደ አዲሱ እናሻግራለን። በእያንዳንዱ ላይ ለምን እንዲህ ሆነ ትለኛለች፤ እነግራታለሁ፤ እሷም ማንም ሰው እንዲያነበው ምክንያቱን በቀላል ቃል ከላዩ ትጽፋለች። የአንዱን ስትጽፍ ስሜን ልታስገባ ነበር፤ ያንን ያስተማረችኝ አንዲት ፋርማሲስት ናት፣ የእሷን ጻፊ አልኳት። በቀን አንድ ቀን ነው የምንጨርሰው፤ እስከ ትናንት ስምንተኛው ላይ ደርሰናል። አንዳንድ ቀን ትስቃለች፣ አንዳንድ ቀን ትዘጋኛለች። በሁለቱም ቀን ወንበሯን ይዛ ትመጣለች።

ለጎረቤት ምን እንደምትዪ አሰብኩልሽ። እህቴ አለቃ ሊያደርጓት ነበር፣ እሷ ለሌላ ሰው ይሁን አለች ብለሽ መኩራራት ትችያለሽ፤ ሐሰት አይደለም፣ ግማሽ ግን ነው። እኔ የምወደው ሙሉውን ብትነግሪያቸው ነው፤ የልጅቱንም ነገር ጭምር። ባለሱቋ ታዲያ ምን ሆነች ብላ ከጠየቀችሽ፣ ሥራዋ ላይ ናት በያት። ካፈርሽብኝ ጻፊልኝ። ብትቆጪኝም ጻፊልኝ፤ ቁጣሽን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ፣ አልፈራውም። ዝም ብቻ አትበዪኝ።

ለቤትሽ ሰው ለጋሽዬ ሰላምታዬን አድርሺልኝ፤ ሳሉ ካልለቀቃቸው ሐኪም ዘንድ ይሂዱ፣ በሎሚ ብቻ አይታለሉ። ለልጅሽ፣ ወሬ ሁሉ ቀድማ ስለምትጽፍልኝ አመሰግናለሁ በያት፤ ይህንን ግን እኔ ቀድሜያት ይሁን። ለመንታዎቹ የልጅ ልጆችሽ ጉንጫቸውን፣ ትልቋን በቀኝ ትንሿን በግራ፣ እንዳይጣሉ እኩል አድርገሽ ሳሚልኝ። በሁለተኛው መኪና ላይ ለምትሰፋዋ ባልደረባሽ፣ የኮቱን ገበር የሰፋችው እሷ እንደሆነች ከመርፌ አጣጣሏ አውቄያለሁ፣ እጇ ይባረክ። ለባለሱቋም፣ አዎ ለእሷም፣ ሰላም በይልኝ።

ሁሌም የምታስብሽ ታናሽሽ

ከሦስተኛው ፎቅ፣ ከመስኮት ዳር ጠረጴዛዬ
ቅዳሜ ከሰዓት፣ ኅዳር 15 ቀን